የፕሮስታግላንዲኖች አወቃቀር፣ አመዳደብና አሰያየም
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ፕሮስታግላንዲኖች እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ጥቂት ማመንታቴን አልደብቅም። እኔ ሐኪምም የባዮኬሚስትሪ ሊቅም አይደለሁም። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የኬሚካል ምሕንድስና ሲሆን፣ የዕለት ሥራዬም መድኃኒት በሚዘጋጅበትና በሚከማችበት ቦታ ሙቀትንና እርጥበትን መቆጣጠር፣ የዕቃ መጠየቂያዎችንም መርምሮ መፈረም ነው። ይሁን እንጂ ከዚሁ ከመፈረሙ ሥራ የመጣ አንድ ያልከፈልኩት ዕዳ ስላለብኝ ጥሪውን ተቀበልኩ። ዕዳውን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ወደ ኬሚስትሪው እንግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ለጥራት ምርመራ የሚያገለግል የማነጻጸሪያ ናሙና ከውጭ አገር እንዲገዛ ተጠየቀ። የተፈለገው ዲኖፕሮስቶን ነበር። የመጠየቂያው ቅጽ በማባዣ መሣሪያ ሲገለበጥ የወረቀቱ ጠርዝ ተቆርጦ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ስለ ጠፉ ቃሉ «ዲኖፕሮስት» ተብሎ ተነበበ። እኔም ፈረምኩ። ስሙ ጎደሎ መሆኑን የሚያሳይ ምንም ምልክት አልነበረም፤ ዲኖፕሮስት የሚባል ሌላ ውሑድ በእርግጥ አለና አቅራቢውም ያለ አንዳች ጥያቄ ላከው። ዕቃው ከደረሰ በኋላ የቤተ ሙከራችን አንጋፋ ባለሙያ የሆኑ ወይዘሮ የምስክር ወረቀቱን ይዘው ወደ ቢሮዬ ገቡና «አንተ ልጅ፣ ሁለት ሃይድሮጅን ትርፍ መጥቶልናል፤ ሒሳቡን ማን ይክፈል?» አሉኝ። በመመርመሪያው መጽሐፍ የሞለኪውሉ ክብደት 352.5 ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ግን 354.5 ይላል። ትክክለኛው ናሙና እስኪመጣ ድረስ ብዙ ወራት ጠበቅን፤ ምርመራውም ቆመ። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም፤ ይህም ቢሆን የወይዘሮዋ ዓይን ውጤት እንጂ የእኔ ጥንቃቄ ውጤት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የእነዚህን ውሑዶች ስም እንደ መመሪያ አድርጌ ማንበብ ተማርኩ። በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ የአተሞቹ ቀመር ብቻውን ዝም ይላል፤ ክብደቱም ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ስሙ ነው። ስለዚህ ስሙ ከየት እንደ መጣና እያንዳንዱ ፊደል ምን እንደ ተሸከመ ማወቁ ለእኛ ለመሐንዲሶችም የሥራ ጉዳይ ነው።

የሚገርመው፣ የቤተ ሰቡ የወል ስም ራሱ በስሕተት የተጀመረ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ከርዝሮክና ሊብ የተባሉ የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች የሰው የዘር ፈሳሽ የማኅፀንን ጡንቻ አንዳንድ ጊዜ እንደሚያኮማትር፣ አንዳንድ ጊዜም እንደሚያላላ ተመለከቱ። ጥቂት ቆይቶ በእንግሊዝ አገር ጎልድብላት፣ በስዊድን ደግሞ ኡልፍ ፎን ኦይለር ለየብቻቸው ወደዚሁ ነገር ደረሱ። ፎን ኦይለር ውሑዱ ከፕሮስቴት እጢ የሚመነጭ ስለ መሰለው እ.ኤ.አ. በ1935 ፕሮስታግላንዲን ሲል ሰየመው። በኋላ እንደ ታወቀው ግን በዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው በዋናነት የሚመነጨው ከፕሮስቴቱ ጎን ካሉት የዘር ፈሳሽ ከረጢቶች ነው፤ ከዚያም አልፎ አብዛኞቹ የሰውነት ሕብረ ሕዋሶች እንደሚሠሩት ተረጋገጠ። በአገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ በዚህ ቤተ ሰብ ላይ ግን መልአኩ አድራሻ የተሳሳተ ይመስላል። ሆኖም ስሙ ተለምዷልና የለወጠው የለም።

ፊደሎቹም የተወለዱት ከቤተ ሙከራ ጠርሙስ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሱነ በርግስትሮምና ባልደረቦቹ በስዊድን አገር ከበግ እጢ የመጀመሪያዎቹን ንጹሕ ፕሮስታግላንዲኖች በክሪስታል መልክ ለዩ። ጭማቂውን በኤተርና ፎስፌት በያዘ ውሃ መካከል ሲያከፋፍሉት አንደኛው ክፍል ወደ ኤተሩ ሄደ፤ ይህን «ኢ» አሉት። ሌላው በፎስፌቱ ውሃ ውስጥ ቀረ፤ በስዊድንኛ ፎስፌት የሚጻፈው በላቲኑ ኤፍ ፊደል ስለሆነ ይህኛው «ኤፍ» ተባለ። ኢው በአሲድ ሲታከም የሚሰጠው ውሑድ «ኤ»፣ በቤዝ ሲታከም የሚሰጠው ደግሞ «ቢ» ተባለ። የቀሩት በፊደል ተራ ተከተሉ። ልብ በሉ፤ ኢና ኤፍ ሲሰየሙ የሁለቱም አወቃቀር ገና አልታወቀም ነበር። አወቃቀራቸው ተሟልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እንግዲህ ፊደሉ መጀመሪያ የሚናገረው ሰዎቹ በእጃቸው ስላደረጉት ሥራ ነው፤ እኔም እንደ መሐንዲስ ይህን አሰያየም የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አጽሙ እንምጣ። ማንኛውም ፕሮስታግላንዲን 20 ካርቦኖች አሉት። ካርቦኖቹ ከአሲዱ ጫፍ፣ ማለትም ከካርቦክሲሉ ጀምሮ ከ1 እስከ 20 ይቆጠራሉ። ከ8ኛው እስከ 12ኛው ያሉት አምስት ካርቦኖች ተጠማዝዘው ቀለበት ይሠራሉ፤ ከቀለበቱም ሁለት ሰንሰለቶች ይወጣሉ። ከ1 እስከ 7 ያሉት ካርቦኖች የሚሠሩት፣ በ8ኛው ካርቦን ላይ የተያያዘው የላይኛው ሰንሰለት አልፋ ይባላል። ከ13 እስከ 20 ያሉት ስምንት ካርቦኖች የሚሠሩት፣ በ12ኛው ላይ የተያያዘው ሰንሰለት ደግሞ ኦሜጋ ይባላል። «የላይኛው» የምለው በወረቀት ላይ ሲሳል ነው፤ በጠፈር ውስጥ ቀለበቱን እንደ ጠረጴዛ ብናስበው አልፋው ሰንሰለት ከጠረጴዛው በታች፣ ኦሜጋው ከጠረጴዛው በላይ ይዘረጋል። ይህ ባዶ አጽም ፕሮስታኖይክ አሲድ ይባላል። በተፈጥሮ የትም አይገኝም፤ ለስም መስጫ ብቻ የታሰበ ነው።

ፊደሉ የሚነግረን የቀለበቱን ሁኔታ ነው። ኢ ሲሆን በ9ኛው ካርቦን ላይ ኪቶን፣ በ11ኛው ላይ ሃይድሮክሲል አለ። ዲ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ሃይድሮክሲሉ በ9ኛው፣ ኪቶኑ በ11ኛው ላይ ይሆናል። ኤፍ በሁለቱም ላይ ሃይድሮክሲል ይዟል። ኤ፣ ቢና ሲ ኪቶናቸውን በ9ኛው ላይ እንደ ያዙ የ11ኛውን ሃይድሮክሲል አጥተው በምትኩ በቀለበቱ ውስጥ ድርብ ትስስር ያገኙ ናቸው፤ ትስስሩ በኤ በ10ኛውና በ11ኛው መካከል፣ በሲ በ11ኛውና በ12ኛው፣ በቢ በ8ኛውና በ12ኛው መካከል ነው። ጂና ኤች ከ9ኛው ወደ 11ኛው የተዘረጋ የሁለት ኦክሲጅኖች ድልድይ ያላቸው፣ ቶሎ የሚፈርሱ መሸጋገሪያዎች ናቸው። አይ ሁለተኛ ቀለበት የጨመረው ፕሮስታሳይክሊን ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ አገር ሲገኝ ማንነቱ ስላልታወቀ ለጊዜው በላቲኑ ኤክስ ፊደል ይጠራ ነበር፤ አወቃቀሩ ሲታወቅ መደበኛ ፊደሉን አገኘ።

ከፊደሉ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር በሁለቱ ሰንሰለቶች ላይ ያሉትን ድርብ ትስስሮች ይቆጥራል። 1 ከሆነ ያለው በ13ኛውና በ14ኛው መካከል ያለው ብቻ ነው፤ 2 ከሆነ በ5ኛውና በ6ኛው መካከል ሌላ ይጨመራል፤ 3 ከሆነ በ17ኛውና በ18ኛው መካከል ሦስተኛው ይመጣል። ይህ ቁጥር የዘር ሐረግም ይናገራል። ባለ 1ዎቹ የሚወለዱት ሦስት ድርብ ትስስር ካለው ዳይሆሞ ጋማ ሊኖሌኒክ አሲድ፣ ባለ 2ዎቹ አራት ካለው አራኪዶኒክ አሲድ፣ ባለ 3ዎቹ በዓሣ ዘይት ከሚገኘው፣ አምስት ካለው የስብ አሲድ ነው። ቀለበቱ ሲዘጋ ሁለት ድርብ ትስስር ይበላል፤ ቅናሹ ሁልጊዜ ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ቬን አስፕሪን የሚያቆመው ይህንኑ የቀለበት መዝጋት ሥራ መሆኑን አሳየ። በርግስትሮም፣ ሳሙኤልሰንና ቬን በዚህ ሁሉ ድካም እ.ኤ.አ. በ1982 የኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

በኤፍ ላይ ብቻ የሚጨመረው የግሪክ ፊደል የ9ኛው ሃይድሮክሲል ከጠረጴዛው በታች ከሆነ አልፋ፣ በላይ ከሆነ ቤታ ይለዋል። ምልክቱ ያስፈለገው ኬሚስቶች የኢን ኪቶን በቤተ ሙከራ ወደ ሃይድሮክሲል ሲለውጡ ሁለቱንም ዓይነት ስላገኙ ነው።

እስካሁን ያልኩት ደረቅ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። እንግዲህ ይህን ተመልከቱ። ኢ2፣ ዲ2፣ ኤች2፣ አይ2 እንዲሁም የእነርሱ ዘመድ የሆነው ትሮምቦክሴን ኤ2፣ አምስቱም 20 ካርቦን፣ 32 ሃይድሮጅንና 5 ኦክሲጅን ናቸው። ክብደታቸው አንድ ነው። ነገር ግን አይ2 የደም ሥርን ያሰፋል፣ ፕላትሌቶች እንዳይጣበቁም ይከለክላል፤ ትሮምቦክሴን ኤ2 ግን የደም ሥርን ያጠባል፣ ደም እንዲረጋም ያጣድፋል። ያው አተም፣ ያው ቁጥር፣ ተቃራኒ ሥራ። እኔን ያዳነኝ የሁለት ሃይድሮጅን ልዩነት ዕድል እንጂ ሕግ እንዳልነበረ ከዚህ ተረዳሁ። የተሳሳተው ናሙና ኤፍ2-አልፋ ነበር፤ ኢ1 ደግሞ ከእርሱ ጋር አንድ ቀመር አለው፣ 20 ካርቦን፣ 34 ሃይድሮጅን፣ 5 ኦክሲጅን። የተፈለገው ኢ1 ሆኖ ቢሆን ኖሮ ወይዘሮዋም ክብደቱን አይተው ዝም ባሉ ነበር።

ሕጉን የተማረ ሰው ደግሞ በሕጉ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች አሉ፤ እኔ የተሰናከልኩባቸውን ብቻ ልጥቀስ። በፕሮስታግላንዲኖች ኤና ቢ ውሃ የጠፋባቸው ናቸው። በትሮምቦክሴን ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ኤ2 በሰውነት ሙቀት በ30 ሰከንድ ግማሹ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ቢ2 ይሆናል፤ ስለዚህ እዚያ ቢ ማለት ውሃ የተጨመረበት ነው። እንዲሁም አይ2 በውሃ ሲፈርስ የሚሰጠው ውሑድ 6-ኪቶ ኤፍ1-አልፋ ይባላል፤ ቁጥሩ ከ2 ወደ 1 የወረደው ከሌላ የስብ አሲድ ስለ መጣ ሳይሆን በ5ኛው ካርቦን ላይ የነበረው ድርብ ትስስር በመፍረሱ ነው። የዘር ሐረጉን ከቁጥሩ ያነበበ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የታወቁት አይሶፕሮስቴኖች ናቸው። እነዚህ ያለ ኤንዛይም፣ ስብ በኦክሲጅን ሲጠቃ የሚፈጠሩ ናቸው፤ ሁለት የተመራማሪ ወገኖች ሁለት የስም ሥርዓት ስላወጡላቸው አንዱ ውሑድ በድሮው ስሙ ላይ ሁለት ተጨማሪ ስሞች ተሸክሞ ይኖራል።

አቅጣጫን በሚመለከት የኢንዱስትሪ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በኤፍ2-አልፋ ውስጥ ቀኝና ግራ ሊሆኑ የሚችሉ አምስት ካርቦኖች አሉ፤ 8ኛው፣ 9ኛው፣ 11ኛው፣ 12ኛውና 15ኛው። ስለዚህ አንድ ዓይነት አያያዝ ያላቸው 32 ቅርጾች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ተፈጥሮ በኤንዛይም በዋናነት የምትሠራው ግን አንዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በፍሎሪዳ አጠገብ በባሕር ውስጥ ካለ ለስላሳ ኮራል ብዙ የኤ2 ዓይነት ውሑድ በተገኘ ጊዜ ለጥሬ ዕቃ የሚሆን ምንጭ ተገኘ ተብሎ ደስታ ሆኖ ነበር። ነገር ግን የ15ኛው ካርቦን አቅጣጫ የተገለበጠ ነበርና ወደሚሠራው ቅርጽ ለመመለስ ሌላ ሥራ ይጠይቃል። በዚያው ዓመት ኮሪ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኤፍ2-አልፋንና ኢ2ን ከተራ ጥሬ ዕቃ የሚያዘጋጅበትን መንገድ አሳተመ። የመንገዱ ውበት የቀለበቱ አቅጣጫዎች የተስተካከሉበት አንድ መካከለኛ ውሑድ መኖሩ ነው፤ ሁለቱ ሰንሰለቶች የሚቀጠሉት ከዚያ ወዲያ ስለሆነ፣ ከአንዱ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ብዙ የቤተ ሰቡ አባላት መሄድ ይቻላል።

በአገራችን አንድ ሰው የክርስትና ስም፣ የቤት ስምና በመዝገብ የሚጻፍ ስም ሊኖረው እንደሚችል ሁሉ እነዚህም ሦስት ዓይነት ስም አላቸው። የቤት ስሙ ኢ2 ነው። በፕሮስታኖይክ አሲድ ላይ የተመሠረተው ሙሉ ስም የ20ውን ካርቦኖች ቁጥር እንደ ያዘ ይዘረዝራል። አጠቃላዩ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሥርዓት ግን ቀለበቱን እንደ አዲስ ከ1 ስለሚቆጥር፣ ሐኪሙ 15ኛ የሚለው ካርቦን በዚያ ስም ውስጥ 3ኛ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ያደባለቀ መዝገብ አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ በመድኃኒት ገበያ የምንሠራበት ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ስም አለ። «ፕሮስት» የሚለው ግንድ የዘመድነቱ ምልክት ነው። አልፕሮስታዲል ኢ1 ነው፤ ዲኖፕሮስቶን ኢ2፣ ዲኖፕሮስት ኤፍ2-አልፋ፣ ኢፖፕሮስቴኖል አይ2 ነው። ካርቦፕሮስት በ15ኛው ካርቦን ላይ ሜቲል የተጨመረበት ኤፍ2-አልፋ ሲሆን፣ ለዓይን ግፊት የሚሰጠው ላታኖፕሮስትም ከኤፍ ወገን ነው። እንግዲህ እንደምታዩት እነዚህ ስሞች ዘመድነትን ሲነግሩ ፊደሉን ይደብቃሉ። በዲኖፕሮስቶን መጨረሻ ያለችው «ኦን» የኪቶኑ ምልክት ናት፤ ኢን ከኤፍ የምትለየው እርስዋ ብቻ ስትሆን የእኔ ማባዣ የቆረጣትም እርስዋኑ ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ በመጋዘን ውስጥ ስላለው ኬሚስትሪ ነው። በኢ ቀለበት ላይ ኪቶኑና ሃይድሮክሲሉ አንድ ካርቦን ብቻ ዘልለው ስለሚቀመጡ ሃይድሮክሲሉ ከ10ኛው ካርቦን ሃይድሮጅን ጋር ውሃ ሆኖ ለመውጣት ዝግጁ ነው። ሲወጣ ኢ ወደ ኤ ይለወጣል፤ ቤዝ ካገኘም በሲ በኩል ወደ ቢ ያልፋል። ዲም እንዲሁ ውሃ አጥቶ ጄ ይሆናል። ኤፍ ኪቶን ስለሌለው ከዚህ መንገድ ነጻ ነው፤ ሌላ የመበላሻ መንገድ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ዲኖፕሮስቶን እንደ አዘገጃጀቱ በማቀዝቀዣ ወይም ከዜሮ በታች የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሚሶፕሮስቶል በስሙ ኢ ባይልም በቀለበቱ ኢ1 ነው። ሃይድሮክሲሉ ከ15ኛው ወደ 16ኛው ካርቦን ተዛውሮ ሜቲል ተጨምሮበታል፤ አሲዱም ወደ ሜቲል ኤስተር ተለውጧል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 የተፈቀደው ለጨጓራ ቁስል ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገባው፤ በ2011 ደግሞ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣው የደም መፍሰስ መከላከያ በዚያው መዝገብ ታወቀ። በመርፌ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ በሌለበት የገጠር ጤና ኬላ ይህ ክኒን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ነገር ግን «ቅዝቃዜ አይፈልግም» ማለት «እርጥበት አይጎዳውም» ማለት አይደለም። ንጹሑ ውሑድ ዘይት መሰል፣ ቶሎ የሚበላሽ ነው፤ ክኒን ሊሆን የቻለው አንድ እጅ መድኃኒት ለመቶ እጅ ያህል በሴሉሎስ ላይ ተበትኖ ነው። ሴሉሎሱ እርጥበት በሳበ ቁጥር ያው የቀለበት ሥራ ይጀምራል፤ ኢው ወደ ኤ፣ ኤው ወደ ቢ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን በአሉሚኒየም የታሸገው ክኒን አንዱ ወገኑ ፕላስቲክ ከሆነው ይለያል፤ ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥቶ በወረቀት ከረጢት ማደሉም ለዚህ መድኃኒት ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ክፉ ልማድ ነው። ክኒኑ ሲበላሽ መልኩ አይለወጥ ይሆናል፤ ደም የሚፈሳት እናት ግን ልዩነቱን ታውቃለች።

እዚህ ላይ ማኅበራችንን የሚመለከት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በላቲን ፊደል ኢና ኤ በመልክ አይመሳሰሉም። በእኛ ፊደል ግን ኢና ኤ የሚለያዩት በእግራቸው ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ብቻ ነው፤ በችኮላ በእጅ ሲጻፉ ማንኛው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በዚያ ላይ ጀርመንኛ የተማሩ ባልደረቦቻችን የላቲኑን ኢ «ኤ» ብለው ያነቡታል። ጤናማው ውሑድ ኢ፣ የተበላሸው ኤ በሆነበት ጉዳይ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ በቤተ ሙከራችን መዝገብ «ኢ-ኤተር» እና «ኤ-አሲድ» እያልን መጻፍ ጀምረናል፤ ከፊደሎቹ የትውልድ ታሪክ ጋርም ይስማማል። በመጠየቂያ ቅጻችን ላይም የመድኃኒቱ ስም በሁለት መስመር፣ የቤት ስሙና ዓለም አቀፍ ስሙ አንዱ ከሌላው በታች እንዲጻፍ አድርገናል፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ይመሰክራል። የማኅበሩ የስያሜ ኮሚቴ ይህን ተመልክቶ፣ የተሻለ ካለውም አሻሽሎ፣ ለአባላቱ አንድ ወጥ አጻጻፍ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። የቅጹን ናሙና ይዤ መጥቻለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ማየት የሚፈልግ ከእኔ ዘንድ ያገኘዋል።